መመለሻ የሌለው ድንበር፦ የብላክ ሆል ተረትና እውነታ

በብላክ ሆል ዙሪያ ሳይንቲስቶች «የክስተት አድማስ» የሚሉት ድንበር አለ። ከዚያ ወዲያ ያለፈ ነገር ለማምለጥ ከብርሃን መፍጠን ይኖርበታል፤ ከብርሃን የሚፈጥን ደግሞ የለም። ይህን ድንበር በተመለከተ ከሚወራው ብዙው ግን ስህተት ነው።

ተረት 1፦ ድንበሩ ግድግዳ ወይም ጠንካራ ወለል ነው።

እውነታ፦ እዚያ ቦታ የሚነካም የሚጋጩትም ነገር የለም። ካርል ሽቫርትስሺልድ እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው የአንስታይን የስበት ቀመር መፍትሔ ላይ ሒሳቡ ድንበሩ ጋ ሲደርስ የሚፈርስ ይመስል ስለነበር፣ ጉዳዩ የፊዚክስ ሊቃውንትን ለዓመታት ግራ አጋብቷል። እ.ኤ.አ. በ1958 ዴቪድ ፊንክልስታይን ቦታው መግቢያ እንጂ መውጫ የሌለው ማለፊያ መሆኑን አሳየ።

ተረት 2፦ ብላክ ሆል አካባቢውን ሁሉ እየሳበ ይውጣል።

እውነታ፦ ከሩቅ ሲታይ ስበቱ እኩል መጠነ ቁስ ካለው ኮከብ አይለይም። ፀሐይ በእኩያዋ ብላክ ሆል ብትተካ፣ ምድር ከ8 ደቂቃ በኋላ ትጨልማለች፤ ቀጥሎም ትቀዘቅዛለች። ምህዋሯን ግን አትለቅም። የዚያ ብላክ ሆል ድንበር ከመሃሉ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይርቃል። አደጋው በጣም ለቀረበው ነው።

ተረት 3፦ ድንበሩ ጋ የደረሰ ሁሉ እዚያው ይበጣጠሳል።

እውነታ፦ እንደ ብላክ ሆሉ መጠን ይለያያል። ሰውን የሚበጣጥሰው እግሩና ራሱ የሚሳቡበት ኃይል መበላለጡ ነው። መጠነ ቁሱ የፀሐይን 10 እጥፍ በሆነ ብላክ ሆል ይህ ልዩነት ሰውየውን ገና ድንበሩ ጋ ሳይደርስ ይገድለዋል። በኤም87 ጋላክሲ መሃል ያለው ግን 6.5 ቢሊዮን ፀሐዮችን ያክላል፤ ድንበሩም ከመሃሉ 19 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ልዩነቱ እዚያ ኢምንት ነው። በአንስታይን ቀመር መሠረት ሰውየው ድንበሩን ሲያልፍ ምንም ላይሰማው ይችላል፤ መበጣጠሱ የሚመጣው ወደ መሃል ሲጠጋ ነው።

ተረት 4፦ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ፎቶ ድንበሩን ራሱን አሳይቷል።

እውነታ፦ ፎቶው የዚሁ የኤም87 ብላክ ሆል ነው። ብርቱካናማው ቀለበት ከድንበሩ ውጭ ካለ እጅግ የጋለ ጋዝ የመጣ የሬዲዮ ሞገድ ሲሆን፣ ቀለሙን የሰጡት ተመራማሪዎቹ ናቸው። የመሃሉ ጨለማም ጥላ ነው። ስበቱ በአቅራቢያው የሚያልፈውን ብርሃን ስለሚያጎብጥና ስለሚያስቀር፣ ጥላው ከድንበሩ 2.5 እጥፍ ገደማ ሰፍቶ ይታያል።

ተረት 5፦ ብላክ ሆል መቼም አይቀንስም።

እውነታ፦ ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1974 ብላክ ሆል ደካማ ጨረር እያወጣ ቀስ በቀስ ሊተን እንደሚችል በስሌት አሳይቷል። ፀሐይን የሚያክል ብላክ ሆል ግን ከጠፈሩ ስለሚቀዘቅዝ፣ ዛሬ ከሚያወጣው ይልቅ የሚቀበለው ይበልጣል። የሆኪንግ ጨረር እስካሁን ከየትኛውም ብላክ ሆል ሲወጣ አልተለካም፤ የስሌቱ መሠረት ግን በፊዚክስ ሊቃውንት ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት አለው።