ኢናሜል በሎሚ አይፈተግም

ከሰው አካል ሁሉ ጠንካራው የቱ ነው ሲባል ብዙው ሰው አጥንት ብሎ ይመልሳል። መልሱ ግን ጥርሳችንን ከላይ የለበሰው ኢናሜል ነው። ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው፤ ካልሲየምና ፎስፌት ተዋህደው የሠሩት ክሪስታል። የቀረው ውሃና ጥቂት ፕሮቲን ነው። በመንጋጋ ጥርስ ጫፍ ላይ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ወደ ድድ ሲወርድ እየሳሳ ይሄዳል። በዚህች ስስ ልባስ ነው ዕድሜ ልካችንን ቆሎ የምንቆረጥመው፣ ሸንኮራ አገዳ የምንልጠው፣ አጥንት የምንግጠው።

አጥንት ቢሰበር ይገጥማል፣ ቆዳ ቢቆረጥ ይሽራል። ኢናሜል ግን ከተሸረሸረ ሰውነት ሌላ አይተካለትም፤ ኢናሜልን የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ድዱን ጥሶ ሲወጣ አብረው ያልቃሉና። በ6 ዓመታችን ግድም የበቀለችው የመጀመሪያዋ ቋሚ መንጋጋ በ70 ዓመታችንም አፋችን ውስጥ ካለች የለበሰችው ያንኑ የልጅነት ኢናሜል ነው። ነርቭ ስለሌለው ደግሞ ሲያልቅ አያምም። ሰው ጥርሱን የሚያስታውሰው ሲያመው ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ድንቅ ነገር ሳይመሰገንም ሳይታዘንለትም ያልቃል።

የሚጨርሰው አሲድ ነው። ስኳር ባክቴሪያን ይመግባል፣ ባክቴሪያው አሲድ ያመነጫል፣ ጥርስ ይቦረቦራል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ የማይነገርለት ሌላኛው መንገድ ነው። እዚህ ባክቴሪያ አያስፈልግም፤ አሲዱ ራሱ ከብርጭቆው ወደ ጥርስ ይመጣል። ስለዚህ «ስኳር የለውም» ተብሎ የሚጠጣ ለስላሳም ከዚህ አያመልጥም። ኢናሜል መሟሟት የሚጀምረው የአሲድ መለኪያ የሆነው ፒኤች አፍ ውስጥ ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ነው። ኮላ 2.5 አካባቢ ነው፤ የሎሚ ጭማቂ ከዚያም ዝቅ ሊል ይችላል። ፒኤች በ1 ሲቀንስ አሲዱ በ10 እጥፍ ስለሚጨምር፣ ከ5.5 እስከ 2.5 ያለው ርቀት 1,000 እጥፍ ነው።

አሁን ወደ ሎሚ ልምጣ፤ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነውና። ጥርስ እንዲነጣ ሎሚ በጨው ወይም በቤኪንግ ሶዳ ማሸት ከእናት ለልጅ፣ ከጓደኛ ለጓደኛ የሚተላለፍ ምክር ሆኗል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እውነትም ጥርሱ ይጠራል፤ የላይኛው እድፍ ስለሚለቅ ነው። የሚለቀው ግን ከኢናሜሉ ጋር ነው። የሎሚው ሲትሪክ አሲድ ማዕድኑን ማሟሟቱ አንሶ ካልሲየሙን ይዞ ይሄዳል፤ ጨውና ሶዳው ደግሞ የላላውን ጠርገው ይወስዳሉ።

በጣም የተሳሳትነው ስለ ንጣቱ ነው። ኢናሜል ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ነው። ከሥሩ ያለው ዴንቲን የሚባለው ክፍል ቢጫ ነው። ጥርስ ነጣ ብሎ የሚታየው ኢናሜሉ ወፍሮ የሥሩን ቢጫነት ሲያለዝበው ነው። ኢናሜል በሳሳ ቁጥር ቢጫው እየጎላ ይመጣል። እንግዲህ ጥርሱን በሎሚ የሚያሽ ሰው የሚፈልገውን ንጣት በገዛ እጁ እየፋቀ ይጥለዋል፤ ቢጫውን ሲያይ ደግሞ «አልለቀቀም» ብሎ ጨምሮ ያሻል።

አንዲት ሙሽራ ሠርጓ ሲቃረብ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጥታ፣ «ወንድሜ፣ ባሸሁት ቁጥር ለምን ይብስበታል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። የፊት ጥርሶቿ ጫፍ ከመሳሳቱ የተነሣ ብርሃን ያሳልፍ ነበር፤ ቀዝቃዛ ውሃ ስትጎነጭ ጉንጯን ትይዛለች። ነገሩን ሳስረዳት አለቀሰች። ይህን ምክር የሰጣት ሰው ክፉ አስቦ አልነበረም፤ አለማወቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ሎሚ ዝም ማለት አልችልም።

ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ ለመጡ ሰዎች ደግሞ የተለየ ቃል አለኝ። በወንጂና በሌሎችም የሸለቆው ከተሞች የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ያን ውሃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ይህ ቡናማነት እድፍ አይደለም፤ ኢናሜሉ ድድ ውስጥ ሲሠራ አብሮ የገባ ነው። በሎሚም በአመድም በአሸዋም አይለቅም። ሰውን በዚህ ጥርስ ማሸማቀቅም ነውር ነው። ፍሎራይድ በመጠኑ ሲሆን ግን ኢናሜልን አሲድ እንዲቋቋም ያደርገዋል። ይህም የታወቀው ከዚሁ ቡናማ ጥርስ ነው፦ ፍሬደሪክ ማኬይ የተባለ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1901 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሲገባ የከተማው ተወላጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው፤ ቆይቶም ያ ጥርስ እምብዛም እንደማይቦረቦር አስተዋለ። ምክንያቱ የውሃው ፍሎራይድ መሆኑ የተረጋገጠው በ1931 ነው።

አሲድ የነካው ኢናሜል ወዲያው አይጠፋም። መጀመሪያ ላዩ ይላላል፤ በዚያች ሰዓት ያልደረቀ ሲሚንቶ ማለት ነው። ካልነካነው ምራቅ ካልሲየምና ፎስፌቱን እየመለሰ ያጠነክረዋል። ከነካነው ይነሣል። ስለዚህ ብርቱካን በልቶ ወይም ለስላሳ ጠጥቶ «አፌን ላጽዳ» ብሎ ወዲያው ብሩሽ ማንሣት ደግ መስሎ ጉዳት ነው። ሐኪሞች ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቆዩ የሚሉት ለዚህ ነው፤ እስከዚያ በውሃ መጉመጥመጥ ይበቃል። መፋቂያም ያው ነው። የወይራና የክትክታ መፋቂያ የምወደው መሣሪያ ነው፤ ግን ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ከለሰለሰ በኋላ፣ በቀስታ። በሎሚ የጠረሰ ጥርስን በደረቅ እንጨት ወዲያና ወዲህ የሚፍቁ ሰዎችን ባየሁ ቁጥር እጃቸውን መያዝ ያምረኛል።

ምራቅም ክብሩን ያጣ ሌላ ባለውለታ ነው። በቀን ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ተኩል ይመነጫል፤ አሲዱን ያረክሳል፣ ማዕድኑን ይመልሳል። ጊዜ ግን ይፈልጋል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከምሳ ጋር ጠጥቶ የጨረሰ ሰው ለምራቁ ፋታ ሰጥቶታል። ያንኑ ጠርሙስ ቢሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እስከ ማታ የሚጎነጭ ግን ጥርሱን ቀኑን ሙሉ አሲድ ውስጥ ዘፈዘፈው። ጫት አፍ ያደርቃል፤ በላዩ ለስላሳ ሲጨመርበት ጥርሱ ያለ ጠባቂ ቀረ። በእንቅልፍ ሰዓትም ምራቅ በጣም ስለሚቀንስ፣ ከመኝታ በፊት የሚጠጣ ሎሚ ከቀኑ የከፋ ነው።

የሚኮመጥጥ ሁሉ ግን የጥርስ ጠላት አይደለም። እርጎ ይኮመጥጣል፣ ፒኤቹም 4 ገደማ ነው፤ ኢናሜልን ግን አይጎዳም። ካልሲየምና ፎስፌት ስለሞላበት ከጥርሱ የሚወስደው የለም።

አሲድ ከሆድም ይመጣል። አንዲት አዛውንት የላይኛው የፊት ጥርሶቻቸው በምላስ በኩል ልሙጥ ሆነው አልቀው አየሁና፣ «እማማ፣ ሌሊት ቃር ያስቸግርዎታል?» አልኳቸው። «አንተ ልጅ፣ ጥርሴን አይተህ ጨጓራዬን በምን አወቅኸው?» አሉኝ። ቃር ወይም ተደጋጋሚ ትውከት ጥርስን የሚበላው በውስጥ በኩል ነው። የሚያስመልሳቸው ነፍሰ ጡሮችም ይህን ልብ ይበሉ፤ ካስመለሱ በኋላ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠው መጉመጥመጥ እንጂ ወዲያው መቦረሽ የለባቸውም። ሶዳ ሥራው እዚህ ነው፤ አሲድ ማርከስ እንጂ ጥርስ መፈተግ አይደለም።

ማታ ማታ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ለስላሳ ብሩሽ ተጠቀሙ፤ አረፋውን ትፉት፣ በውሃ ግን አትለቅልቁት፣ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ይቆይ። ሎሚ በሞቀ ውሃ መጠጣት ልማድ የሆነባችሁ በአንድ ጊዜ ጨርሱትና በውሃ ተጉመጥመጡ። ጥርሳችሁ ቀዝቃዛና ትኩስ ሲነካው መጠዝጠዝ ከጀመረ፣ ወይም ጫፉ ሳስቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ፣ የቀረው ሳያልቅ ለጥርስ ሐኪም አሳዩት። እባካችሁ፣ ሙሽራ ያለበት ቤት ሁሉ ይህን ንገሩ፦ ጥርስ በሎሚ አይታሽም።