ያውቁ ኖሯል? ከአዘዞ እስከ መተማ የተሳሳተ ታፔላ አደን

ታፔላ የሚተከለው መንገዱን ለማያውቅ ሰው ነው። የሚያውቀው ሹፌር ቀና ብሎም አያየው፤ ስለዚህ ስህተቱ አራሚ አጥቶ ለዓመታት ተገትሮ ይቆያል። ድንበር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አንባቢው በፊደል፣ በቁጥር፣ በሰዓትና በዘመን አቆጣጠር ስለሚለያይ ወዲህ ልክ የሆነው ጽሑፍ ወዲያ ማዶ ስህተት ሆኖ ይነበባል። የዛሬው ዓምዳችን ከአዘዞ ተነስቶ ስህተት እያደነ ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል።

ያውቁ ኖሯል? ከአዘዞ ተገንጥሎ በአይከልና በገንዳ ውሃ አድርጎ መተማ የሚገባው አስፋልት የሁለት አህጉር አቋራጭ መንገዶች አካል ነው። አንዱ ከካይሮ ተነስቶ ኬፕታውን ድረስ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ሌላው ከቻዷ ንጃሜና ጅቡቲ ወደብ ይደርሳል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ዳር ያለ ታፔላ አንባቢው ሰሊጥ የጫነ የአይሱዙ ሹፌር ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ያውቁ ኖሯል? ኢትዮጵያ መኪና የምትነዳው በግራ ነበር። ወደ ቀኝ የዞረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ሱዳን ግን እንግሊዞች የተዉላትን ግራ ይዛ እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ቆየች። በመካከሉ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ያህል ከመተማ ወደ ሱዳኗ የድንበር ከተማ ገላባት የተሻገረ ሹፌር ድንበሩን እንዳለፈ ጎኑን መቀየር ነበረበት። ካይሮ ተነስቶ ናይሮቢ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሦስት ጊዜ ይቀይራል፤ ሱዳን ሲገባ፣ መተማ ሲደርስ፣ ሞያሌን ሲያልፍ። ዛሬ የቀረችው ሞያሌ ብቻ ናት።

ጎን መቀየር በአዋጅ ብቻ አያልቅም፤ ታፔላውም አብሮ መዞር አለበት። በቀኝ በሚነዳበት አገር ምልክቱ የሚቆመው በቀኝ ጠርዝ ነው። ስዊድን ሴፕቴምበር 3 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. በአንድ ሌሊት ከግራ ወደ ቀኝ ስትዞር 360 ሺህ ያህል የመንገድ ምልክቶችን መቀየር ነበረባት።

ያውቁ ኖሯል? መተማ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ በደረቁ ወንዝ ማዶ ገላባት ላይ ሰዓቱ 8 ነው። ጠዋት 8። ሱዳን ከጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዓቷን በአንድ ወደ ኋላ መልሳለች፤ በዚያ ላይ እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከማለዳ 12 ሰዓት በኋላ እንደ አዲስ ጀምረን ነው። ገላባት ላይ «በ8 ይከፈታል» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ የእኛ ሰው ምሳውን በልቶ ከቀኑ 8 ሰዓት ቢሄድ አምስት ሰዓት አርፍዷል። መተማ ላይ «3 ሰዓት» የሚል ያነበበ ሱዳናዊ ደግሞ በራሱ ሰዓት ከቀትር በኋላ 3 ላይ ብቅ ቢል ሰባት ሰዓት አርፍዷል። ጽሑፉን የጻፈው ሰው አንድ ፊደል እንኳ አልሳተም። በእኔ እምነት ድንበር ላይ ያለ ማንኛውም የሰዓት ማስታወቂያ የማን ሰዓት እንደሆነ ካልተናገረ ባይለጠፍ ይሻላል።

ከሰዓት ወደ ቁጥር ስንሄድ፣ ማዶ በሚጻፈው የዓረብኛ አኃዝ 5 ድፍን ዜሮ ይመስላል። ዜሮው ነጥብ ብቻ ነው። 6 ደግሞ ቁርጥ የእኛን 7። ስለዚህ በዓረብኛ ብቻ የተጻፈ 60 ለእኛ ሰው 7 ከነጥቡ ነው፤ 50 ደግሞ ዜሮ። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፤ ቁጥሩ ግን እንደ እኛው ከግራ ወደ ቀኝ ነው።

የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም። ፶ ብቻውን 50 ነው፣ ፻ ብቻውን 100። ለፍጥነት ገደብ ቢውል ኖሮ ቦታ ይቆጥብ ነበር፤ አንባቢ ማግኘቱ ነው ችግሩ።

ያውቁ ኖሯል? መተማ ሁለት ናት። አንዷ የእኛዋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው የድንበር ከተማ። ሌላዋ ከካርቱም በስተሰሜን፣ በአባይ ዳር፣ ከሸንዲ ፊት ለፊት ያለችው የሱዳን መተማ። እንግሊዞች በ1885 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ የተከበበውን ጄኔራላቸውን ጎርደንን ሊያድኑ ሲገሰግሱ አጠገቧ የተዋጉባት ያቺ ናት። የድሮ የእንግሊዝ መጽሐፍ ሲያነቡ «መተማ ላይ ጦርነት» የሚል ካጋጠመዎት መጀመሪያ ዓመቱን ይዩ።

የእኛዋም ብትሆን ከአንድ በላይ ስም አላት። ከተማዋ ሙሉ ስሟ መተማ ዮሐንስ ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ አራተኛ የወደቁባት በመሆኗ። «መተማ» ደግሞ የወረዳውም ስም ነው፤ የወረዳው መቀመጫ ግን መተማ ሳትሆን ገንዳ ውሃ ናት። ገንዳ ውሃም በበኩሏ ሸኸዲ ትባላለች። አንዱ ታፔላ ገንዳ ውሃ፣ ሌላው ሸኸዲ ቢል እንግዳው ሁለት ከተማ መስሎት አንዷን ፍለጋ አልፎ ይሄዳል፤ ስህተቱን የሚያውቀው ድንበሩ ላይ ሲደርስ ነው።

በላቲን ፊደልስ? መተማን አንዱ በአንድ ኤም፣ ሌላው በሁለት ኤም ይጽፋታል። ስትጠራ ማዋ ትጠብቃለች፤ ፊደላችን ግን ማጥበቂያ ስለሌለው ጸሐፊው በጆሮው ይወስናል። ቋራ በእኛ ሁለት ፊደል ነው፤ በላቲን በኪው የሚጀምሩትም በኬ የሚጀምሩትም አሉ። በቋራ ወረዳ ያለው፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰነው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክም በላቲን አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም። የተባበሩት መንግሥታት የቦታ ስሞች ጉባኤ ጄኔቭ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰበው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሥራው ይህን ዓይነቱን ዝብርቅርቅ ማስተካከል ነበር። ሥርዓት መውጣቱ አንድ ነገር ነው፤ ታፔላ ጸሐፊው ጋ መድረሱ ሌላ።

ስለ ዮሐንስ ሞት በአንድ ሰሌዳ 1881፣ በሌላው 1889 ቢያነቡ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ውጊያው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ ቆጠራ ማርች 9 ቀን 1889። ስህተት የሚሆነው 1889 ተጽፎ «ዓ.ም.» ሲባል ነው። ያኔ ንጉሡን ከአድዋ ድል በኋላ ይገድሏቸዋል።

በነገራችን ላይ ዮሐንስ በሐመሩ ሐ ነው፤ ንጉሥም በንጉሡ ሠ። ታፔላ ላይ ሃውና ሀው፣ እሳቱ ሰም ገብተው ያገኟቸዋል። ድምፁ አንድ ስለሆነ አላፊው አይሳሳትም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አልጨክንም። ጎንደርም በጎ ሆነ በጐ ያው ጎንደር ነው። ው እና ዉ መቀያየራቸው ግን ያናድደኛል፤ «ዉሃ» ብሎ በትልቁ የጻፈ ሰው ብሩሹን ሊቀማ ይገባል።

ያውቁ ኖሯል? በጥንቱ የብራና ጽሕፈት መስመር ሲያልቅ ቃሉን የትም መቁረጥ ይቻል ነበር። ሁለት ነጥቡ ቃላቱን ስለሚለያቸው አንባቢው አይደናገርም። ዛሬ ሁለት ነጥቡ ቀርቷል፤ የመቁረጡ ልማድ ግን ጠባብ ታፔላ ላይ ይታያል። በ80 የሚበር ሹፌር የቃሉን ግማሽ ከላይ፣ ግማሹን ከታች ለመሰብሰብ ጊዜ የለውም።

የኢትዮጵያ ፊደል ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደል ደረጃ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሉን የሚያስቀምጠው በየራሱ መንገድ ነበር። በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈው ማስታወቂያ ፎንቱ በሌለው ማተሚያ ቤት ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሆኖ ይወጣል።

ያውቁ ኖሯል? «ቁም» የተጻፈበት ምልክት ስምንት ጎን የሆነው በምክንያት ነው። የመጀመሪያው የቁም ምልክት በ1915 እ.ኤ.አ. ዲትሮይት ሲተከል አራት ማዕዘን ነበር። በ1923 ስምንት ጎን እንዲሆን የተወሰነው ጽሑፉ ባይነበብ እንኳ በቅርጹ፣ ከጀርባው ሳይቀር፣ እንዲታወቅ ነው። አቧራ ለሚበዛበት ለመተማ መንገድ የተሠራ ይመስላል። ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛም ማንበብ ባይችል ቅርጹን ይለያል። በእኛ አገር ግን ከስምንት ጎኑ ይበልጥ የሚከበረው የኬላ ገመድ ነው። ጨርቅ የተንጠለጠለበት ገመድ መንገድ ላይ ተወጥሮ ያየ ሹፌር የፊደል ግድፈት አይፈልግም፤ ይቆማል።

አሜሪካኖች የቁም ምልክቱን እስከ 1954 እ.ኤ.አ. ድረስ ቢጫ ያደረጉት ፀሐይ የማያደበዝዘው ቀይ ቀለም ስላላገኙ ነበር። ቀይ ቀለም ሰማያዊውንና ኃይለኛውን የብርሃን ክፍል ስለሚውጥ ከሌሎቹ ቀድሞ ይሞታል። የመተማ ቆላ ሙቀት ከክረምቱ በፊት ባሉት ወራት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እዚያ ፀሐይ ላይ ዓመታት የቆመ ማስጠንቀቂያ ቀዩ ጠርዙ ሲነጣ ጥቁሩ ስዕል ብቻ ይቀራል። በቀይ ክብ ውስጥ 50 ማለት ከ50 በላይ አትንዳ ነው፤ ቀዩ ሲጠፋ ግን ተራ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። ማንም ሳይጽፈው የተፈጠረ ስህተት ይሉታል ይህ ነው።

ሌላም ያልተጻፈ ስህተት አለ። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ተከፋፍሎ ምዕራብ ጎንደር ሲወለድ፣ «ሰሜን ጎንደር ዞን» የሚሉ የመተማና የቋራ ሰሌዳዎች ባሉበት ቆመው ተሳሳቱ።

ያውቁ ኖሯል? በ1940 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ የጀርመንን ወረራ ፈርታ የገዛ መንገዶቿን አቅጣጫ ጠቋሚዎች ነቅላ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 6 ቀን ደግሞ በብርጋዴር ዊሊያም ስሊም የሚመራው የሕንድ ጦር ገላባት ላይ ጣሊያንን ገጠመ። ጣሊያኖች ከመተማ ሲለቁ የጎንደርን መንገድ በፈንጂ አጥረው ሄዱ፤ ለፈንጂ ደግሞ ታፔላ አይተከልም። በ1941 መጀመሪያ ላይ ፕሪሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ ወጣት የሕንድ መሐንዲስ መኮንን በአራት ቀን ውስጥ 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ 15 የፈንጂ ቦታዎችን አገኘና አስጸዳ። የሚሄድበት መኪና ፈንጂ ረግጦ እየወደመ እንኳ ሥራውን ለሌላ አልለቀቀም። ለዚህም የእንግሊዝን ትልቁን የጀግንነት ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ ተሸለመ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ያገኘ የመጀመሪያው ሕንዳዊ መኮንን እሱ ነው። ከመተማ ሽቅብ የሚወጣ መንገደኛ ይህን የሚነግረው ሰሌዳ ቢተከልለት ደስ ይለኛል።

የድንበር ድንጋይም ታፔላ ነው። የኢትዮጵያና የሱዳንን ወሰን የወሰነው ውል የተፈረመው በ1902 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዓመቱ መሬት ላይ ምልክት ያደረገው እንግሊዛዊው ሻለቃ ቻርለስ ግዊን ነው፤ ያለ ኢትዮጵያ ተወካይ። ምልክቱ ልክ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል።

ወደ ውጭ አገር ስንወጣ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የዌልሷ ስዋንሲ ከተማ ምክር ቤት ከባድ መኪና እንዳይገባ የሚከለክል ታፔላ በእንግሊዝኛና በዌልስኛ አሠራ። እንግሊዝኛው ልክ ነበር። ከሥሩ ያለው ዌልስኛ ግን ተርጓሚው አሁን ቢሮ እንደሌለና የሚተረጎም ሥራ እንዲልኩለት የሚናገር ነበር። ከተርጓሚው ኢሜይል የመጣውን አውቶማቲክ መልስ ትርጉም መስሏቸው እንዳለ አሳትመውታል። መተማ ላይ ዓረብኛ የሚጨመርበት ሰሌዳ ሲሠራ ይህን ማስታወስ ነው። ዓረብኛ አሳምሮ የሚያነብ ነጋዴ ከገበያው አይጠፋም፤ አንድ ሻይ ጋብዞ ማሳየት በቂ ነው።

በብሪታንያ ወደ ስታዲየም የሚመራው ታፔላ ላይ ያለችው ኳስ ሁለመናዋ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ነው። በባለ ስድስት ጎን ብቻ ኳስ መስፋት አይቻልም፤ ባለ አምስት ጎኖች ካልገቡበት አይታጠፍም። በ2017 እ.ኤ.አ. የሒሳብ ሰዎች ይታረም ብለው ከ20 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባሰቡ። መንግሥት እምቢ አለ።

ሎስ አንጀለስ ላይ ደግሞ ሪቻርድ አንክረም የሚባል ሠዓሊ መገንጠያውን በደንብ የማያሳይ የአውራ ጎዳና ታፔላ አስመረረው። በ2001 እ.ኤ.አ. የመንገድ ሠራተኛ ልብስ ለብሶ፣ ራሱ የሠራውን ምልክት በጠራራ ፀሐይ ወጥቶ ሰቀለው። ለወራት ማንም አላወቀበትም። ባለሥልጣኖቹ ሲያውቁም ልክ ሆኖ ስላገኙት ተዉት፤ በ2009 ታፔላውን ሲቀይሩ የእሱን እርማት በአዲሱ ላይ አካተቱት። እዚህ አገር ይሞከር አላልኩም።

ከአዘዞ ሲወርዱ ስህተት ማደን ከፈለጉ ቀላሉ መንገድ መቀነስ ነው። የመጀመሪያው ታፔላ ላይ ወደ መተማ የቀረውን ኪሎ ሜትርና የመኪናውን ቆጣሪ ይያዙ፤ ሁለተኛው ታፔላ ላይ ሲደርሱ የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ቆጣሪው ከጨመረው ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ታፔላውን ከመክሰስዎ በፊት ጎማዎን ይዩ። ከፋብሪካው ልክ የሚበልጥ ጎማ በአንድ ዙር ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ ቆጣሪው ያሳንሳል፤ ያለቀ ጎማ ደግሞ ያጋንናል።