ጣት እምቢ ሲል

በአዲስ አበባ ብዙ ሳሎን ውስጥ ክራር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። አንዳንዱ ለጌጥ የተገዛ ነው። አንዳንዱ ግን ሰው ልማር ብሎ ጀምሮ የተወው ነው። እኔ ማታ ማታ ከሥራ የሚወጡ ጎልማሶችን ክራር አስተምራለሁ። ከዚህ በፊት ሞክረው የተዉትን ምክንያታቸውን ስጠይቅ፣ ጊዜ አጣሁ የሚለኝ ጥቂት ነው። አብዛኛው «ጣቴ እምቢ አለኝ» ወይም «ለዚህ አልተፈጠርኩም» ይለኛል። ሰውን ከክራር የሚያፋታው ንዴት ነው፤ ንዴቱ ደግሞ ምንጩ ከታወቀ መላ አለው።

ነገሩ እንዲገባን ክራር እንዴት እንደሚጮህ እንይ። ክራር ብዙውን ጊዜ ስድስት አውታር አለው። ቅኝቶቻችን አምስት አምስት ድምፅ ስላላቸው ስድስተኛው አውታር ከአምስቱ አንዱን ይደግማል። ሲገረፍ ቀኝ እጅ አውታሮቹን በሙሉ በአንድ ላይ ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ከኋላ በኩል አውታሮቹን ነክተው ያፍኗቸዋል። መሰማት ባለበት አውታር ላይ ያለው ጣት ብቻ ይነሳል። እንግዲህ ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላው ሲታለፍ፣ ተነስቶ የነበረው ጣት ይመለሳል፣ በዚያችው ቅጽበት ሌላው ይነሳል። ተመላሹ ከዘገየ ሁለት ድምፅ ተደባልቆ ይጮሃል። ከቸኮለ ዜማው ይቆረጣል። ተማሪ «ዘፈኑ አልሆነልኝም» ሲለኝ፣ ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ እንቅፋቱ ከእነዚህ መተላለፊያዎች አንዷ ላይ ሆኖ አገኘዋለሁ። የቀረው ዜማ ደህና ነው።

አንዲት ነርስ ተማሪ አለችኝ። በትዝታ ቅኝት የምትለማመደው ዜማ ከመሃል ጣት ወደ ቀለበት ጣት የሚያልፍበት ቦታ አለ። እዚያ ስትደርስ ትሰናከላለች፤ በምላሷ ጠቅ ታደርግና እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለች። ደርሳ ትሰናከላለች፣ ትነሳለች። በመጨረሻ ክራሩን ጭኗ ላይ አስተኝታ «ጋሼ፣ ይቅርብኝ። የኔ ነገር ይኸው ነው» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ሴት ናት፤ የመጣችው ደስ ብሏት ልትመለስ ነበር።

የልምምዷን አካሄድ ልብ በሉ። የምትችለውን ክፍል ደጋግማ ትጫወተዋለች፤ የማትችለውን ግን በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ብቻ፣ ያውም እየፈራች ታገኘዋለች። ከዚህ የባሰው ደግሞ መሰናከሉ ራሱ መለመዱ ነው። እጅ የሚይዘው የተደጋገመለትን ነው፤ ትክክል ይሁን ስህተት አይመርጥም።

ቀኝ እጇን እንድታሳርፍ ነገርኳት። ያለ ምንም ድምፅ፣ የቀለበት ጣቷን ብቻ ከአውታሩ እንድታነሳ ጠየቅኳት። ጣቷ ሲነሳ ጎረቤቶቹም አብረው ተነሱ። ይህ የማንኛችንም እጅ ተፈጥሮ ነው። አንባቢም ይሞክሩት፦ መዳፍዎን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፣ የመሃል ጣትዎን ወደ ውስጥ አጥፈው ከሥር ያድርጉት፣ ከዚያ የቀለበት ጣትዎን ለማንሳት ይሞክሩ። አይነሳም፤ ወይም እምብዛም አይነሳም። በእጃችን ጀርባ ላይ የቀለበት ጣት ጅማት ከጎረቤቶቹ ጅማቶች ጋር የተያያዘ ስለሆነ ብቻውን መንቀሳቀስ ይከብደዋል። ነርሷ ይህን ስታውቅ ፊቷ ተለወጠ። «እኔ አልችልም» ስትለው የነበረው የጅማት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ያደረግነው ቀላል ነው። ጣቱ ከአውታሩ በጥቂቱ ብቻ እንዲለቅ እንጂ ከፍ እንዳይል አደረግን። ሁለቱን ድምፅ ብቻ ይዘን፣ መሳሳት እስከማይቻል ድረስ አዘገየነው። ሲጠራ ከፊታቸው ያለውን አንድ ድምፅ ጨመርን፣ ቀጥሎ ከኋላቸው ያለውን። ፍጥነት መጨረሻ ላይ መጣ። ጥሩ እየሆነላት ሳለ «በቃ፣ ዛሬ እዚህ ላይ ይብቃን» አልኳት። ቅር አላት፤ ልትቀጥል ፈልጋ ነበር። እኔ ግን የመጨረሻው ድግግሞሽ የጠራው እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ደክሞ የተደጋገመ ነገር ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ነው የሚያልቀው።

እንቅልፍም የልምምዱ ክፍል ነው። የጣት ቅደም ተከተል በለመዱ ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ሰዎቹ ተኝተው ሲነሱ ያለ ተጨማሪ ልምምድ ፈጥነውና ጠርተው ተገኝተዋል። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስም ገና እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው የማስታወስ ጥናቱ፣ በቀናት ተከፋፍሎ የተጠና ነገር በአንድ ቁጭታ ከተጠናው ይልቅ እንደሚጸና አሳይቷል። ለሥራ ሰው ይህ ትልቅ የምሥራች ነው። በሳምንት አንዴ እሑድ ሦስት ሰዓት ከመታገል፣ በየማታው ሩብ ሰዓት ይሻላል።

እዚህ ላይ የታዋቂዋን ፒያኖ ተጫዋች የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ስም የሚያነሱልኝ ተማሪዎች አሉ። እማሆይ በወጣትነታቸው ካይሮ ሄደው ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሲማሩ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ቫዮሊንና ፒያኖ ይለማመዱ እንደነበር ይታወቃል። ተማሪዎቼ ይህን ሰምተው በራሳቸው ሩብ ሰዓት ያፍራሉ። ግን እማሆይ መምህር ጎናቸው ነበር፤ ሌላ ሥራም አልነበራቸውም፤ የካይሮ ሙቀት ጤናቸውን ስለጎዳውም ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናትም የበርሊን ምርጥ የቫዮሊን ተማሪዎች ብዙ ይለማመዱ ነበር፤ ነገር ግን ከፋፍለው፣ በመሃል እያረፉ፣ ቀን ላይም ከሌሎቹ ይበልጥ እየተኙ ነበር።

የቅዱስ ያሬድንም ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ከመምህሩ ከጌዴዎን ሸሽቶ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ ስትል ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አየ። ለተማሪ የሚነገረው «አንተም ደጋግመህ ሞክር» ተብሎ ነው። እኔ ደግሞ ከታሪኩ የምወድለት ሌላ ነገር አለ፦ ያሬድ ትሏን ያየው ከትምህርቱ ርቆ፣ ዛፍ ጥላ ሥር አርፎ ሳለ ነው።

ከጣት ውጭ ያለውም እንቅፋት ቀላል አይደለም። ብዙ ተማሪዎቼ ያደጉት «አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚለውን ተግሣጽ እየሰሙ ነው። ቅኝቶቻችንን በቃላቸው ጠብቀው ያቆዩልን አዝማሪዎች ሆነው ሳለ ስማቸው ለስድብ መዋሉ ያሳዝነኛል። ያ ተግሣጽ ሠላሳና አርባ ዓመት ቆይቶም ጣት ያስራል። በዚያ ላይ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስስ ነው። ጎረቤት ሰማኝ የሚል ተማሪ ትከሻው ይሰበሰባል፣ አንጓው ይደርቃል፣ የደረቀ እጅ ደግሞ ይዘገያል። ለእንዲህ ያለው ሰው መግረፊያውን አስቀምጦ በጣት ቀስ እያለ እንዲደረድር እመክራለሁ። ከክፍል ወደ ክፍል እንኳን በቅጡ አይሰማም፤ ትከሻውም በጥቂት ቀን ውስጥ ይወርዳል።

ራስን ከመውቀስ በፊት ደግሞ ክራሩን መፈተሽ ያስፈልጋል። አዲስ አውታር እየተሳበ ይረግባል፤ ክረምት ላይ እርጥበቱ ቆዳውን ያላላዋል፤ ክራሩ በልምምድ መሃል ከቅኝት ይወጣል። ጣቱ ትክክል ሆኖ ድምፁ የተበላሸበት ተማሪ ስህተቱን ጣቱ ላይ ይፈልጋል፣ አያገኘውም፣ ይናደዳል። ስለዚህ በየልምምዱ መጀመሪያ መቃኘት፣ በመሃልም አንዴ ቆም ብሎ ማዳመጥ ግድ ነው። ሕመም ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንጓ ወይም ክንድ ላይ የሚወጋ ወይም የሚያደነዝዝ ስሜት ካለ ልምምዱ ወዲያው ይቁም፤ ካልተወም ሐኪም ይየው።

ነርሷ አሁን የአምባሰል ቅኝት ጀምራለች። በአምባሰል በመጀመሪያውና በሁለተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ ትዝታ የለመደ ጆሮ ደግሞ ሰፋ ያለውን ይጠብቃል። እንደገና ተሰናክላለች። አሁን ግን ራሷ ቆም አለችና «ጋሼ፣ ይሄ የጣት አይመስለኝም፤ ድምፁን ገና አልያዝኩትም» አለች። ልክ ነበረች። ክራሩን አስቀመጥነውና ሁለቱን ድምፆች አብረን በጉሮሯችን ማንጎራጎር ጀመርን።