ከሐኪም ቀጥሎ የሚያስፈልግ ሰው
የሳንባ ካንሰር ታካሚዎቼ ለእኔ መንገር የሚከብዳቸውን ወረፋ ላይ እርስ በርስ ያወሩታል። በጣም የሚጎዳቸው «ታጨስ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሲጋራ ዋናው መንስኤ ቢሆንም አጭሰው የማያውቁም ይታመማሉ፤ ያጨሰም ቢሆን ወቀሳ አይገባውም። የዚህን ጥያቄ ሕመም ሳያስረዱት የሚረዳው ሌላ ታካሚ ነው።

ትንፋሽ ሲያጥር ከንፈርን አሞጥሙጦ አየሩን በዝግታ ማስወጣት፣ ጀርባን በትራስ ደገፍ አድርጎ መተኛት፣ ከኬሞ በኋላ በትንሽ በትንሹ መብላት፤ እነዚህን እኔም እነግራቸዋለሁ፣ ካለፈበት ሰው ሲሰሙት ግን ይሞክሩታል።

ምክር ተለዋወጡ፤ መድኃኒት ግን አትዋዋሱ! ኢጂኤፍአር በተባለው ዘረመል ላይ ለውጥ ላለው ዕጢ የተሠራ ክኒን ለውጡ የሌለበትን ሰው አይጠቅምም። ደም የቀላቀለ ሳል ካያችሁ፣ ወይም በኬሞ ወቅት ትኩሳታችሁ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ማንንም ሳታማክሩ ወዲያውኑ ሆስፒታል ሂዱ።