ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ተጻፈ?

አምበር ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ያለች የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። መኪና መንገዱ በደጇ ያልፋል፣ ዙሪያዋ የጤፍና የስንዴ አገር ነው። ቡሬ ላይ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተሠራ ወዲህ ጎጃም ውስጥ ስለ ፋብሪካ መስማት ብርቅ አይደለም። እንግዲህ ነገ አንድ ባለሀብት ከአምበር ወጣ ብሎ፣ ወንዝ አጠገብ፣ ቆዳ ፋብሪካ ልትከል አለ እንበል። ነዋሪው ምን ማለት ይችላል? ለማንስ? መቼ?

መብቱ ከላይ ይጀምራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ኅብረተሰቡን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅ፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ እንዲኖር መብት ሰጥቷል። ይህን ወደ ሥራ የሚያወርደው በኅዳር 1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። በአዋጁ መሠረት ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ጥናቱ ተመርምሮ ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ መጀመር አይችልም፤ የኢንቨስትመንት ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም ይሁንታው መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። ፋብሪካው የክልል ፈቃድ ያለው ከሆነ ጥናቱን የሚመረምረው የክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። ፈቃዱ የፌዴራል ከሆነ ወይም ጉዳቱ ከክልል ክልል የሚሻገር ከሆነ ጉዳዩ ወደ ፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይሄዳል።

ጥናቱን የሚያስጠናው ራሱ ባለሀብቱ ነው፤ ወጪውንም የሚሸፍነው እሱ ነው። በዚህ የሚገረም ሰው ብዙ ነው፣ እኔም አልፈርድበትም። የሚከፈለው አጥኚ ከፋዩን ሊያስከፋ እንደማይፈልግ ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልግም። አዋጁ ለዚህ ያበጀው መላ የሕዝብ ምክክር ነው፤ በአንቀጽ 15 የጥናቱ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት፣ በተለይ ጉዳቱ የሚደርስባቸው ሰዎች ያሉት በሰነዱም በምርመራውም እንዲካተት ያዛል።

ስብሰባው ሲጠራ የሚሆነውን ከዚህ ቀደም የቀበሌ ስብሰባ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዶቹ ፋብሪካው ስንት ሰው እንደሚቀጥር ይናገራሉ። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ «ካሳው ስንት ነው?» ይላል፣ ሌላው «ልጆቻችንን ትቀጥሩልናላችሁ ወይ?» ይላል፣ ግማሹ ቀን በዚህ ያልቃል። ካሳ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን የራሱ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1161/2011) እና የራሱ መንገድ አለው፣ የሚመለከተውም መሬቱ የሚወሰድበትን ባለይዞታ ነው። ከፋብሪካው በታች ከብቱን የሚያጠጣው፣ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማው ሰው መሬቱ ስላልተነካ ከካሳው ዝርዝር ውስጥ የለም። እሱ ድምፁን የሚያሰማው እዚሁ ምክክር ላይ ነው፤ አንዳንዴም ስብሰባው መጠራቱን እንኳ አይሰማም።

ጥያቄው ከተነሣ ስለ ውኃው ይሁን። ቆዳ ፋብሪካ ብዙ ውኃ ይፈልጋል። ጥሬ ቆዳ እንዳይበሰብስ በጨው ይታሻል፣ ጠጉሩ በኖራና በሰልፋይድ ይነሣል፣ አብዛኛውን ጊዜም በክሮሚየም ይለፋል። ሰልፋይድ ነው ያንን የበሰበሰ እንቁላል ሽታ የሚያመጣው። ክሮሚየሙን በማጣሪያ ማውጣት ይቻላል፤ ጨው ግን በተለመደው ማጣሪያ አይወጣም፣ ከፍሳሹ ጋር ወርዶ በመስኖ ማሳ ላይ ከዓመት ዓመት ይከማቻል። ስለዚህ «ፋብሪካው ይበክለናል» ብሎ ከመቀመጥ ይልቅ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ወንዙ በሚቀጥንበት በመጋቢትና በሚያዝያ በቀን ስንት ሜትር ኩብ ትቀዳላችሁ? ልኬቱን የወሰዳችሁት በየትኛው ወር ነው? በነሐሴ የተለካ ወንዝ ለማንም ይበቃል። ጨውስ የት ይደርሳል? መብራት ሲጠፋ ማጣሪያው በምን ይሠራል? አዋጁ ሰነዱ የሚለቀቀውን በካይ ዓይነትና መጠን እንዲዘረዝር ስለሚያስገድድ መልሱ መጻፍ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይሁንታውን የሚሰጠው ባለሙያ እዚያ ስብሰባ ላይ ላይኖር ይችላል፤ የሚያነበው ወረቀት ነው። ሰው ሁሉ ተቆጥቶ ተናግሮ የወጣበት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ «ኅብረተሰቡ ፕሮጀክቱን በደስታ ተቀብሏል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ቢሰፍር፣ ለባለሙያው የደረሰው ደስታው ነው። በር ላይ የሚዞረው የስም መፈረሚያ ወረቀትም አለ፤ መገኘትን ለማሳየት የፈረሙበት ዝርዝር የስምምነት አባሪ ሆኖ እንዳይገኝ ከላይ ምን እንደተጻፈበት ማንበብ፣ ማንበብ የማይችል በልጁ ማስነበብ ነው። ቃለ ጉባኤው ሳይነበብ ስብሰባው አይበተን። ከዚያም ያላችሁትን በራሳችሁ ወረቀት ጽፋችሁ፣ የእርሻችሁንና የምንጫችሁን ቦታ ጠቅሳችሁ፣ ለሚመረምረው መሥሪያ ቤት አስገቡ፤ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን ያለው የመዝገብ ቁጥር አስደርጉ። ከአንድ ሰው ይልቅ የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ወይም ዕድሩ ቢጽፈው ክብደት አለው።

መሥሪያ ቤቱ ማጽደቅና መከልከል ብቻ አይደለም ያለው፤ በቅድመ ሁኔታ ማጽደቅም ይችላል። ለብዙ ቦታ የሚበጀው ይህ ይመስለኛል፤ ማጣሪያው ሳይጠናቀቅ ምርት እንዳይጀመር፣ ፍሳሹ በየጊዜው እንዲለካና ውጤቱ እንዲለጠፍ ማስጻፍ። ቅድመ ሁኔታውን ያላከበረ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ግን ከ10 ሺህ እስከ 20 ሺህ ብር ነው፣ ያለ ይሁንታ የጀመረም ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ። በዛሬ ዋጋ የትኛውንም ባለፋብሪካ አያስደነግጥም።

ቅደም ተከተሉ እንደሚጣስም መታወቅ አለበት። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ግንባታ በ1998 ተጀምሮ የተፅዕኖ ጥናቱ የጸደቀው በ2000 ዓ.ም. ነበር። ሥራ ከተጀመረ በኋላ የሚነሣ ተቃውሞም ምን ያህል እንደሚያስከፍል የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን ያሳያል፤ የጉጂ ሕዝብ በጤናችን ላይ ጉዳት ደረሰ ብሎ ለዓመታት ሲያመለክት ቆይቶ፣ ፈቃዱ የታገደው በ2010 ዓ.ም. አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው።

ይሁንታው ተሰጥቶ ቅር ያለው ሰው በአዋጅ 299 አንቀጽ 17 መሠረት ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት ይላል፤ ውሳኔው በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ብክለት ከደረሰ ወይም ሊደርስ ነው ከተባለ ደግሞ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን መልስ ካላገኘ ወይም በመልሱ ካልረካ 60 ቀን ሳያልፍ ፍርድ ቤት ይከሳል። ማንን እንደሚከስ ግን ያስተውል፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የሙያተኞች ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ምክንያት የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከስሶ፣ ፍርድ ቤቱ መከሰስ ያለበት በካዩ ነው በሚል ክሱን ሳይቀበለው ቀርቷል።