ሞት በሕግ ዓይን፦ የአሜሪካ ተሞክሮ

ለብዙ ዘመን የሰው ሞት የሚረጋገጠው ትንፋሽና የልብ ምት ሲቆሙ ነበር። የመተንፈሻ መሣሪያ በሆስፒታሎች ከተስፋፋ በኋላ ግን አንጎሉ ጨርሶ የተጎዳ ሰው ልቡ መምታቱን ሊቀጥል ቻለ። በ1968 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) አንድ የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ኮሚቴ ይህ ሁኔታ እንደ ሞት እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረበ። ካንሳስ በ1970 ጉዳዩን በሕግ በመደንገግ ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚ ሆነች።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለግዛቶቹ በሞዴልነት የቀረበው ሕግ አንድ ሰው ሞተ የሚባለው የደም ዝውውሩና ትንፋሹ፣ ወይም ግንዱን ጨምሮ የመላው አንጎሉ ተግባራት፣ በማይመለስ ሁኔታ ሲቆሙ ነው ይላል። የምርመራውን ዝርዝር ተቀባይነት ላለው የሕክምና መስፈርት መተዉ ብልህነት ነበር፤ ሕክምና ከሕግ ፈጥኖ ይለወጣልና። ክርክሩ የመጣው በሌላ በኩል ነው። ሕጉ ሁሉም የአንጎል ተግባራት እንዲቆሙ ሲጠይቅ፣ በመደበኛው ምርመራ አንጎላቸው ሞቷል ከተባሉ ሰዎች መካከል በአንዳንዶቹ ሆርሞን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ሥራውን አያቆምም። ብሪታንያ መስፈርቷን በአንጎል ግንድ ላይ ብቻ ስለመሠረተች ይህ ጥያቄ ብዙም አያስጨንቃትም።

የኒው ጀርሲ የ1991 ሕግ ደግሞ የአንጎል ሞትን ሃይማኖቱ የማይቀበልለት ሰው በልብና በትንፋሽ መስፈርት ብቻ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። በ2013 በካሊፎርኒያ መሞቷ የተመሰከረ አንዲት ታዳጊ፣ ቤተሰቧ ወደ ኒው ጀርሲ ስለወሰዳት እስከ 2018 በመሣሪያ እየታገዘች ቆየች፤ ያኔም ሁለተኛ የሞት የምስክር ወረቀት ወጣላት።