ታላቅ ጊታሪስት የሚባለው ማን ነው?

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ጊታሩን የሚገዛው ሰው እያፈላለገ መሆኑን ነገረኝና ምክንያቱን ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ጣቶቼ አጫጭር ናቸው፤ እንደነሱ መፍጠን አልቻልኩም» አለኝ። «እነሱ» የሚላቸው በስልኩ የሚያያቸውን፣ ኖታ እንደ በረዶ የሚያዘንቡ ወጣቶች ነው። እኔ ጊታር አልጫወትም። ይሁንና ሮክ ስሰማ ያረጀሁ ሰው ነኝና ነገሩን እንደ ክርክር ያዝኩት፤ የሕግ ትምህርት ያተረፈልኝ አመል ነው።

መጀመሪያ መለኪያው ይታወቅ። ፍጥነት ነው ካልን፣ ኤዲ ቫን ሄለን እ.ኤ.አ. በ1978 «ኢራፕሽን» በተባለውና ሁለት ደቂቃ በማይሞላው ሥራው፣ የቀኝ እጁንም ጣቶች በጊታሩ አንገት ላይ እያንኳኳ ብዙዎችን አስደንግጧል። ከእሱ ወዲህ ፈጣን ጣት ያላቸው ሞልተዋል። እሱ ግን ጊታሩን ሳይቀር ከተለያዩ ዕቃዎች ገጣጥሞ የሠራ፣ የሚፈልገውን ድምፅ ሲያሳድድ የኖረ ሰው ነበር።

ሮሊንግ ስቶን መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2003ም ሆነ በ2023 ባወጣው ዝርዝር አንደኛ ያደረገው ጂሚ ሄንድሪክስን ነው። ግራኝ ስለነበር ለቀኝ እጅ የተሠራ ጊታር ገልብጦ፣ ክሮቹን እንደገና አስሮ ይጫወት ነበር። ትልቁ ነገሩ ግን ሌላው የሚሸሸውን ጩኸት ሙዚቃ ማድረጉ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ወደ ስፒከሩ ሲጠጋ ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ክሩን መልሶ ያንቀጠቅጠዋል፤ ክሩም ያንኑ ለስፒከሩ ይመልሳል፤ ጩኸቱ ራሱን እየመገበ ይቀጥላል። በስብሰባ አዳራሽ ማይክራፎን ሲያፏጭ ጆሯችንን የሚያስይዘን ይኸው ነው። ሄንድሪክስ ይህን አውሬ ገራው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1969፣ ሰኞ ጠዋት፣ ኒውዮርክ ግዛት በተካሄደው የውድስቶክ ፌስቲቫል ላይ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ያለ ግጥም በጊታር ተጫወተ። በመሃሉ የቦምብና የፍንዳታ የሚመስል ድምፅ አሰማ። ጊዜው የቬትናም ጦርነት ነበር፤ እሱም የቀድሞ አየር ወለድ ወታደር። በዚያ ጠዋት በሰከንድ ስንት ኖታ እንደተጫወተ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

ለእህቴ ልጅ የነገርኩት ግን የቶኒ አዮሚን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965፣ በእንግሊዟ በርሚንግሃም፣ አዮሚ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከብረታ ብረት ፋብሪካ ሊለቅ በመጨረሻው የሥራ ቀኑ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። (የካሳው ጉዳይ ወዲያው ቢመጣብኝም ልለፈው።) ግራኝ ነውና ክሩን የሚጫነው በዚያው እጁ ነበር። የፋብሪካው ኃላፊ የዣንጎ ሬይንሃርትን ሸክላ አሰማው፤ እ.ኤ.አ. በ1928 በእሳት አደጋ ሁለት ጣቶቹ የተጎዱበትን የጃዝ ጊታሪስት። አዮሚም የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፤ ቆዳም አለበሰው። በቆቡ ውስጥ ክሩ በደንብ አይሰማውም፤ ወፍራም ክር መጫንም ያመዋል። ስለዚህ ቀጫጭን ክሮች መረጠ፤ በኋላ ደግሞ አላላቸው። ክር ሲላላ ድምፁ ይወርዳል፣ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የብላክ ሳባዝ ሦስተኛ አልበም «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» ላይ ይህ ድምፅ በግልጽ ይሰማል። ሄቪ ሜታል የሚባለው ሙዚቃ ብዙ ነገሩን የወሰደው ከዚህ ነው። ጣቱ የተጎዳ ሁሉ አዮሚ ይሆናል ማለቴ አይደለም። እሱ ግን የሌሎችን ድምፅ ማውጣት ሲያቅተው የራሱን አወጣ።

በነገራችን ላይ በእኔ ዝርዝር አንደኛው የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር ነው። አንዲት ኖታ ይይዝና ክሩን በጣቱ እየገፋ እንደ ሰው ድምፅ ያስለቅሳታል፤ ቀጣዩዋን ለማምጣት አይቸኩልም። ይግባኝ የሚል ካለ ይበል።

የእህቴ ልጅ ሰምቶኝ ሲያበቃ «አዮሚ እኮ ባንድ የሚመሠርቱ ጓደኞች ነበሩት» አለኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ጊታሩ እስካሁን አልተሸጠም፤ በዋጋ ሳይስማሙ ቀርተው ይሁን በሌላ ምክንያት አልጠየቅኩትም።